ሁለት ምት

ሰውየው ከሞተ በኋላ አንድ ሰው አሸዋውን አስተካክሎለታል።

መርማሪ ኢና ሰዘርላንድ ከጎልፍ ሜዳው አሥራ ሰባተኛ ጉድጓድ አጠገብ ባለው የአሸዋ ወጥመድ አፋፍ ላይ ቆማ መጀመሪያ ያስተዋለችው ይህን ነው፤ ሬሳውን ሳይሆን አሸዋውን። የሻምፒዮናው ዋና ዳኛ ጊልበርት ሬኒ፣ የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው፣ ሰማያዊ ኮቱን እንደለበሰ፣ ከረባቱን እንዳሰረ፣ ከአሸዋ ወጥመዱ ግድግዳ ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ግድግዳው ከአሮጌ የባቡር ሐዲድ እንጨት የተሠራ ነው። ከእንጨቶቹ በአንዱ ጠርዝ ላይ ደም አለ፤ ከሰውየው አናት በስተኋላም አለ። በዙሪያው ግን አንድም የእግር ዳና የለም። እንደ ወፍ በርሮ ካልገባ በቀር ሰው አሸዋ መሃል እንዲህ ሊሞት አይችልም።

«ማንም አልነካውም?» አለች ኢና።

«ማን ይነካዋል? ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ከዚህች ከቆምሽባት ቦታ አንድ እርምጃ አላለፍኩም» አለች ሞራግ ታሎክ። ሞራግ የሜዳው ሣር ኃላፊ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት የኪንሄቨንን ሣር እንደ ልጅ ፀጉር ስታበጥር የኖረች፣ ከማጨጃ መኪና ጋር ስትጯጯህ ድምፅዋ የሻከረ ሴት። «'አንተ ሽማግሌ፣ እዚያ ገብተህ ምን ትሠራለህ?' ብዬ ቀልጄበታለሁ እኮ! ወይ የኔ ነገር! ሬሳ ላይ ቀለድኩ!»

ከአሸዋው የወጣ ሁሉ ዳናውን የሚጠርግበት ሬክ፣ ጥርሱ የእንጨት የሆነው ረጅም መጥረጊያ፣ ከወጥመዱ ውጭ፣ ሣሩ ላይ፣ ወጉን ጠብቆ ተጋድሟል። ኢና ቁጢጥ ብላ አሸዋውን አየች። የሬክ ጥርስ መስመር አይታይበትም። የጠረገው ሰው መጀመሪያ በጥርሱ ጎትቶ፣ ከዚያ ሬኩን ገልብጦ በጀርባው ዳብሶታል፤ ለእንግዳ አልጋ እንደሚያነጥፍ ሰው። ክው አለች። እንዲህ አድርጎ የሚጠርግ ሰው ታውቅ ነበር። አባቷ ነበር። አባቷ ደግሞ ከሞተ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው።

ለማንም አልተናገረችም። ይህ የመጀመሪያው ጥፋቷ ነው፣ ኋላ ራሷ እንደቆጠረችው።

ቀኑ እሑድ ነው፤ የሻምፒዮናው መዝጊያ። በዚህ ሰሜን አገር የሐምሌ ቀን ረጅም በመሆኑ ፀሐይ ከወጣች ቆይታለች። የተመልካቹ መቀመጫ ገና ባዶ ነው፤ ረፋድ ላይ ግን ሕዝቡ ይጎርፋል፤ የሚጎርፈውም አንድ ሰው ለማየት ነው። ኢዋን ሎኪ፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ የዚሁ የኪንሄቨን ተወላጅ፣ በአርባ አንድ ዓመቱ በሦስት ምት እየመራ ነው። ጎልፍ ትንሽ የመታ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነውና፣ ሦስት ምት ማለት ከተከታዩ ሦስት ጊዜ አንሶ መምታት ነው። ይህን ዋንጫ የመንደሩ ልጅ አንስቶት አያውቅም። የኢዋን ወገብም ሌላ ዓመት እንደማይጠብቀው ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር ያውቃል። ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም።

ከሟቹ ኪስ ውስጥ ትንሽዬ የሕግ መጽሐፍ ወጣች። በመሃሏ በእርሳስ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት አለ፤ «ሎኪ፣ 17ኛው ላይ፦ ሁለት ምት። ያ ብቻ። ጨዋታ ሳይጀምር ይነገረው» ይላል።

«ይህ ምን ማለት ነው አቶ ፌንዊክ?»

ሌስሊ ፌንዊክ ትላንት ምክትል ዳኛ ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት ወዲህ ዋና ሆኗል። ጫማው ፊት ያሳያል። ወረቀቱን አንብቦ ዓይኑን ጨፈነ።

«የቅጣት ምት ነው። ትላንት አሥራ ሰባተኛው ላይ አንድ ጥፋት ተሠርቷል፣ ሎኪም ሳይጽፈው ካርዱን ፈርሞ አስረክቧል ማለት ነው። ጊልበርት ሁለት ምት ሊጨምርበት ነበር።»

«ምን ጥፋት?»

«እሱን አልነገረኝም። ማታ ብቻ 'አንድ ነገር በርቀት ማያ መነጽር አይቻለሁ፣ መጀመሪያ ግን የሚመለከተውን ሰው ልጠይቅ' አለኝ። ጊልበርትን አታውቂውም! ነገር ሲጀምር ከአዳም ነው። አንቀጹን ያነብልሻል፣ ንዑሱን ያነብልሻል፣ ላብሽ ጠብ ጠብ ይላል፤ ፍርዱን የሚነግርሽ መጨረሻ ላይ ነው። 'እባክህ ጅራቱን አስቀድም' እለው ነበር።» ድምፁ ተቆረጠ። «ዛሬ ንጋት ከሱ ጋር መውጣት ነበረብኝ። እንቅልፍ አሸነፈኝና 'አንተ ሂድ' አልኩት። ምን ነበረበት ብነሣ?»

«ለሁለት ምት ብሎ ሰው የሚገድል ይኖራል?»

«ለሁለት?» ፌንዊክ ሊስቅ ምንም አልቀረው። «ሦስት ይመራል፤ ሁለት ቢጨመርበት አሁንም አንድ ይመራል። ከውድድሩ ተባረርክ ቢሉት እኮ ሌላ ነገር ነው።»

«እርስዎ አሸዋ ጠርገው ያውቃሉ?»

«እኔ?» አለና ወደ ጫማው አየ። መልሱ ያ ነበር።

ሞራግ ከወጥመዱ በላይ ያለውን የተላጨ ሣር እያሳየች አስረዳች። የጎልፍ ጉድጓድ ቦታው በየንጋቱ ይቀየራል፤ አዲሱን ትቆርጣለች፣ የአሮጌውን አፍ ከአዲሱ በወጣው ሣርና አፈር ትደፍናለች።

«ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ከጊልበርት ጋር መጣን። ከትላንት ወዲያ በቀለም ምልክት ያደረግንበት ሌላ ቦታ ነበር፤ ነፋሱ ስለዞረ ግን 'እዚህ ይሁን' ብሎ በእግሩ አሳየኝ። እዚህ፣ ከወጥመዱ አፋፍ አራት እርምጃ። ቆረጥኩ። ከዚያ ወደ አሥራ ስምንተኛው ሄድኩ።»

«እሱስ?»

«'አንድ ሰው እጠብቃለሁ፣ በዚህ ሰዓት በዚህ ነው የሚያልፈው' አለኝ። ማነው ብዬ አልጠየቅኩትም። ተኮራርፈን ነበር እኮ! ትላንት በሰው ፊት 'ሣሩን አደረቅሽው' ብሎ አዋረደኝ፤ እኔም ከሥራ ውጭ አላናገርኩትም። ደህና ዋል እንኳ ሳልለው ሄድኩ።» በጓንቷ አፍንጫዋን ጠረገች። «አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ጉድጓዱ አሁን እዚህ የለም።»

«ፌንዊክ ነዋ! 'ተጫዋቹን ከወጥመዱ አርቂልኝ' አለኝ። አንድ ሰዓት ላይ ደፍኜ ወደ ኋላ ቀኝ ጥግ አዛወርኩት። ለተጫዋቾቹ የሚበተነው፣ የጉድጓዶቹን ቦታ የሚያሳየው ወረቀትም አዲሱን ይዞ ሦስት ሰዓት ላይ ይወጣል።»

«የመጀመሪያውን ቦታ ማን ያውቃል?»

«እኔና ጊልበርት። ሌላ ማን ይኑር?»

ኢና ይህንን ሆዷ ውስጥ አስቀመጠችው።

ኢዋን ሎኪን ያገኘችው ከክለቡ ጓሮ ነው። እንቁላሉና ጥቁር ፑዲንጉ፣ የደም ቋሊማው፣ ሳይነኩ በርደዋል። ረጅም፣ ቀይ፣ ጆሮው በነፋስ የተላጠ ሰው።

«ንጋት ላይ የት ነበርክ?»

«ተኝቼ። ምስክር የለኝም ኢና፣ ሚስቴና ልጆቼ እናቴ ቤት ናቸው ያደሩት።» ቀና ብሎ አያት። «ስለ ጊልበርት ሰማሁ። ምን ብዬ እንደምጫወት አላውቅም። ግን 'ካልተጫወትክ የሱም ልፋት ከንቱ ነው' ይሉኛል።»

«ትላንት አሥራ ሰባተኛው ላይ ምን ተፈጠረ?»

«አራት መታሁ።»

«ጊልበርት ስድስት ነው ሊልህ ነበር።»

ፊቱ አመድ ሆነ። ኢና ውሸታም ብዙ አይታለች፤ ውሸታም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መልሱን ነው። ይህ ሰው ግን የሚያስበው ኳሱን ነበር።

«ኳሴ ረጅሙ ሣር ውስጥ ገብቶ ነበር። ዱላ ተሸካሚዬ ዱጋል ቀድሞኝ ደርሶ አገኘው። ስደርስ ጉብታ ሣር ላይ ጉብ ብሎ ተቀምጧል፣ ሰው ያስቀመጠው ይመስል። 'ዛሬስ እግዜር ከኛ ጋር ነው' ብዬ ሳቅኩ።» ሳህኑን ገፋ አደረገው። «ዱጋል አልሳቀም። አይቼዋለሁ አለመሳቁን። አልጠየቅኩትም።»

«ለምን?»

«መልሱን ስላልፈለግኩት መሰለኝ» አለ ኢዋን፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

ዱጋል ቤርድ የኢዋን ካዲ ነው፤ ዱላውን የሚሸከምለት፣ ነፋሱን የሚያነብለት፣ ሲናደድ የሚሰደብለት። ስድሳ አንድ ዓመቱ ሲሆን አሥራ ዘጠኙን በኢዋን ትከሻ ሥር አሳልፏል። ከካዲዎቹ ጎጆ ደጃፍ ተቀምጦ አንድ ዱላ በእርጥብ ፎጣ ይወለውላል። ኢና ከሩቅ ቆማ ቆጠረችው፤ ያንኑ አንዱን ዱላ አራት ጊዜ ወለወለው።

«የሳንዲ ልጅ! ነይ ቁጭ በይ። ቀዝቅዘሻል። ያቺን ዳቦ ብዪያት፣ ውስጧ ሥጋ አለ፣ እኔ አልፈለግኳትም።»

«አመሰግናለሁ ጋሼ።»

ጋሼ የምትለው ያለ ነገር አይደለም። አባቷ ሳንዲም ካዲ ነበር። የዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ እንደዚሁ በሻምፒዮና መዝጊያ፣ ያገለግለው የነበረውን ተጫዋች ኳስ በእግሩ ነካ፤ የተናገረው ካርዱ ተፈርሞ ካበቃ በኋላ ነበር። የተሳሳተ ካርድ ፈርመሃል ተብሎ ተጫዋቹ እየመራ ሳለ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ ለሳንዲ ዱላ ያሸከመው የለም። ዘጠኝ ዓመት ከመጋረጃ ጀርባ ኖረ። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ኢና አባቷን መንገድ ላይ ስታይ ወደ ማዶ ትሻገር ነበር። ዱጋል ግን አልተሻገረም፤ እሑድ እሑድ ትምባሆ ይዞለት እየሄደ አብሮት ይቀመጥ ነበር፤ ሲሞትም የሬሳ ሣጥኑን ተሸክሟል።

«ንጋት ላይ ሜዳውን ዞርክ?» አለችው።

«እንዴታ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ዞሬያለሁ። ግን ዛሬ ይሄ ጉልበቴ ከአሥራ አራተኛው መለሰኝ። እርጅና መጣ ልጄ!»

«አሥራ ሰባተኛው ጋ አልደረስክም?»

«አልደረስኩም አልኩሽ እኮ።» ፎጣውን ጨመቀው። «ጊልበርት መልካም ሰው ነበር። ነፍሱን ይማረው።»

ከኋላ ኪሱ የካዲ ደብተሩ ጫፉ ይታያል፤ የጉድጓዶቹን ቦታና ርቀት የሚጽፍባት፣ ያረጀች፣ በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ደብተር። ኢና አየቻት። መጠየቅ ነበረባት፤ አልጠየቀችም። ዳቦዋን ይዛ ተነሣችና ሁለት ሰዓት ሙሉ በር ጠባቂውን፣ ሹፌሩን፣ ሻይ አፍዪዋን ስትጠይቅ ቆየች፤ ከአንዳቸውም ምንም እንደማታገኝ እያወቀች።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን አራቱን ሰዎች የውጤት ካርድ ወደሚፈረምባት ጠባብ ክፍል ጠራቻቸው። አንድ ጠረጴዛ፣ አምስት ወንበር፣ በክር የታሰረ እርሳስ። ውጭ ሕዝቡ እንደ ባሕር ይጮኻል፤ ለኢዋን መነሻ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል።

«ኢና፣ እባክሽ አሳጥሪው» አለ ፌንዊክ።

«አሳጥረዋለሁ። ጊልበርት ባለማሳጠሩ ነው ሕይወቱን የከፈለው» አለች። «መጀመሪያ አሸዋው። ሰው ገድሎ የሚሮጥ ሰው ይሮጣል እንጂ አይጠርግም። ይኸኛው ግን ጠርጎ፣ ሬኩን በወጉ አጋድሞ ነው የሄደው። አቶ ፌንዊክ ሬክ ነክተው አያውቁም። ሞራግ፣ የአንቺ ሠራተኞች እንዴት ነው የሚጠርጉት?»

«ወደ ጉድጓዱ አቅጣጫ፣ መስመር በመስመር። መስመሩ ከጠፋ ከኔ ጋር አይውሉም!»

«መስመር አልነበረውም፤ በሬኩ ጀርባ ተዳብሷል። ኢዋን፣ አንተ ከአሸዋ ስትወጣ ሬኩን ምን ታደርገዋለህ?»

«ለዱጋል...» አለና ኢዋን አፉን ያዘ።

ዱጋል አልተነቃነቀም።

«ሁለተኛ፣ ወረቀቱ» አለች ኢና ቸኩላ፤ ከቆመች መናገር እንደማትችል ስላወቀች። «ጊልበርት የጻፈው ሁለት ምት ብሎ ነው። ለሁለት ምት ማንም አይገድልም። ስለዚህ የገደለው ሰው ሁለት መሆኑን አያውቅም ነበር። መባረር ነው ብሎ ያመነ፣ ሕጉን በድሮው የሚያውቅ፣ ጊልበርትም ጅራቱ ላይ እስኪደርስ ያልጠበቀው ሰው ነው።»

«ሦስተኛውስ?» አለ ዱጋል፤ በጣም በቀስታ።

«ሦስተኛው ኪስህ ውስጥ ነው ጋሼ። ደብተርህን ስጠኝ።»

አውጥቶ ሰጣት። ላስቲኩን ፈታች። አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ ሁለት ነጥብ አለ፤ አንዱ ከኋላ ቀኝ ጥግ፣ ከወረቀቱ የተገለበጠው። ሌላው በቀለም ተሠርዟል፤ ከሥሩ ግን ይነበባል፤ «ከአፋፉ አራት»።

ሞራግ አንገቷን አስግጋ አየችና ጓንቷ ከእጇ ወደቀ። «ይህ እኮ ንጋት ላይ የቆረጥኩት ነው! አንድ ሰዓት ላይ ደፍኜዋለሁ! አንተ ሰው፣ ይህን የት አየኸው?»

ዱጋል ጓንቷን አንሥቶ ሰጣት።

«ቀድደህ መጣል ትችል ነበር» አለች ኢና።

«ጀርባው እኮ የአሥራ ስምንተኛው ልኬት ነው» አለ ዱጋል። «ልጁ ያለሱ እንዴት ይጫወታል?»

ኢዋን ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «ዱጋል፣ አይደለሁም በል። አይደለሁም በላቸው እንጂ!»

«ነኝ፣ የኔ ልጅ።» ሽማግሌው ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ትላንት ኳሱን አገኘሁት። አንተን ልጠራ ዞር ስል ጫማዬ ነካው፤ አንድ መዳፍ ያህል ሄዶ ጉብታው ላይ ተቀመጠ። በቦታው መመለስ ነበረብኝ። ልናገር አፌን ስከፍት እየሳቅክ ደረስክ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ የመዝጊያው እሑድ ሲቃረብ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም። አፌ ተዘጋ። ከፈረምክ በኋላ ደግሞ በቃ፣ ሳንዲን ሆንኩ።»

«ንጋት ላይስ?» አለች ኢና።

«ነጥቧን ጽፌ ሳበቃ ጊልበርት ጠራኝ። አፋፉ ላይ ቆመን፣ መጽሐፏን ገልጦ 'ዱጋል፣ የተሳሳተ ካርድ ተፈርሟል' አለኝ። የተሳሳተ ካርድ! ያቺን ቃል ስሰማ የሳንዲ መጋረጃ ነው የታየኝ። ከዚያ ወዲያ የሚለውን አልሰማሁም። አንቀጽ ምናምን ይላል። ዝም በል አልኩት፤ አይሰማም፣ ያነባል። ደረቱን ገፋሁት። ዝም እንዲል ብቻ፣ ይኸው እግዜር ያያል። ከኋላው መሬት አልነበረም።»

«ሞቶ ነበር?»

«ወርጄ እጁን ያዝኩት። ጠራሁት። ሞቶ ነበር። ከዚያ ወጣሁና ሬኩን አነሣሁ። አሻራ ልደብቅ ብዬ እንዳይመስልሽ። ወጥመድ ሳይጠረግ ትቼ ሄጄ አላውቅም፣ እጄ ራሱ ነው የሠራው።»

ኢና ቁራጩን ወረቀት ከፊቱ አስቀመጠች። ዱጋል መነጽሩን ፈልጎ አንድ ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ ደግሞ ደገመው።

«ሁለት... ያ ብቻ?»

«ሕጉ ተለውጧል ጋሼ። ተጫዋቹ ጥፋቱን ሳያውቅ ከፈረመ አይባረርም። ሁለት ምት ይጨመርበታል፣ ይቀጥላል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዓመታት ሆነው» አለ ፌንዊክ። «ለካዲዎች ሁሉ ወረቀት በትነናል።»

«እኔ ወረቀት አላነብም። ሕግ የተማርኩት ከሳንዲ ነው።» ዱጋል ወረቀቱን በመዳፉ ሸፈነው። «ቢጨርስ ኖሮ... አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር እኮ የቀረው።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይህ ግን የሚለቀም ነገር አይደለም። ሞራግ ወደ ግድግዳው ዞራ ታለቅሳለች፤ ፌንዊክ የራሱን ጫማ መመልከት አቅቶታል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ ኢዋን።

«ብነግርህ ራስህ ላይ ትጽፈዋለህ።»

«እጽፈዋለሁ! አዎ እጽፈዋለሁ! ሁለት ብዬ እጽፍና እቀጥላለሁ! ጊልበርትም ይኖር ነበር፣ አንተም ዛሬ ከጎኔ ትሆን ነበር! እኔም እኮ ገብቶኝ ነበር... አለመሳቅህን አይቼ ዝም አልኩ።» በክር የታሰረውን እርሳስ ሳበና፣ ፌንዊክ የዘረጋለት የትላንት ካርድ ላይ አራትን ሠርዞ ስድስት ጻፈ። በችኮላ የጻፈው ስድስት ዜሮ ይመስላል። ደግሞ አደመቀው።

ዱጋል ከሸሚዙ በላይ የለበሰውን፣ ጀርባው ላይ «ሎኪ» የተጻፈበትን ነጭ ሰደርያ አወለቀ። አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ደብተሩን ከላዩ ጫነበት።

«አሥራ ስምንተኛው ላይ ነፋሱ ከግራ ነው። አትመነው፣ አንድ ደረጃ የሚያርቀውን ዱላ ያዝ» አለ።

ኢዋን ደብተሩን አንሥቶ ወጣ። ሰደርያውን ግን ሳይነካው ሄደ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደ መነሻው ሲመጣ ቦርሳውን የተሸከመው ራሱ ነበር፤ ሕዝቡም ምክንያቱን ሳያውቅ መጮኹን አቁሞ መንገድ ለቀቀለት።

ኢናና ዱጋል አምሽተው ከፖሊስ ጣቢያው ጠባብ ቢሮ ተቀምጠዋል። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቃሉን በአራት ገጽ ጽፋለታለች፤ እሱም እያንዳንዱን መስመር በጣቱ እየተከተለ ያነባል።

«መቼ አወቅሽ?» አላት ጣቱን ሳያነሣ።

«አሸዋውን እንዳየሁ። እንደ አባቴ በሬኩ ጀርባ የሚዳብስ ካንተ ሌላ አላውቅም።»

«ታዲያ ያንን ሁሉ ሰው ለምን አሰቃየሽው?»

«ሌላ ሰው እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነበር።» ብዕሯን አስቀመጠች። «አባቴን መንገድ ላይ ሳየው እሻገር ነበር ጋሼ። አንተ ከሱ ጋር ስትቀመጥ እኔ እሻገር ነበር። ዛሬም ልሻገር ፈልጌ ነበር።»

«ያውቅ ነበር» አለ ዱጋል። «አልተቀየመሽም። 'ልጅ ናት፣ ታፍራለች' ይል ነበር።»

ስልኳ ጮኸ። ሞራግ ነበረች። ኢና ብዙ አልተናገረችም፤ አዳምጣ ዘጋችው። ዱጋል ዓይኗን ብቻ ነው የሚያየው።

«በአንድ ተበለጠ» አለችው።

«አሥራ ስምንተኛው ላይ?»

«አሸዋ ገባበት። ለማውጣት ሁለት ጊዜ መታ።»

«ከግራ ነው አልኩት እኮ።» ሽማግሌው ከንፈሩን ነከሰ። «ማን ጠረገለት?»

«ራሱ። ሞራግ ስትለኝ፣ ዋንጫው ከእጁ ወጥቶ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ እያየው፣ ሬኩን ገልብጦ በጀርባው ዳበሰው።»

ዱጋል ያን ጊዜ አለቀሰ፤ ቀኑን ሙሉ ያላለቀሰው ሰውዬ ትከሻው እስኪነቃነቅ ድረስ። የፈሩት ይደርሳል፤ እሱም የፈራው ደረሰ፣ ያደረሰውም እሱ ነው። ሲበቃው ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ የመጨረሻውን ገጽ ወደሷ ገፋው።

«እሱንም ጻፊው።»

«እሱ እኮ ወንጀል አይደለም ጋሼ።»

«ጻፊው አልኩሽ! የተሳሳተ ካርድ ሁለተኛ አላስረክብም።»

ኢና ብዕሯን አንሥታ ከሥሩ «ኢዋን ሎኪ በአንድ ምት ተሸነፈ» ብላ ጻፈች። ዱጋል አነበበው፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንድ ጊዜ ደግሞ አየውና ፈረመ። ከፊርማው ሥር የመዝጋቢ ፊርማ ቦታ አለ። የጎልፍ ካርድም ለብቻ አይፈረምም፤ የተጫወተውና የመዘገበው ሁለቱም ይፈርማሉ። ወረቀቱን አዞረላት፣ ብዕሩንም ሰጣት፣ እሷም ፈረመች።